የአንድ አካባቢ የነፋስ አቅም በምን ይለካ? ካርታ፣ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ፣ ምሰሶ ወይስ ሊዳር

ስለ ኢትዮጵያ የነፋስ ሀብት ያነበበ ሰው ሁለት ቁጥሮች ሳያጋጥሙት አይቀሩም። አንዱ 10,000 ሜጋ ዋት ይላል፤ ሌላው 1,350 ጊጋ ዋት፣ ማለትም 1,350,000 ሜጋ ዋት። አንዱ ከሌላው ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ሆኖም ሁለቱም “የሀገሪቱ የነፋስ አቅም” ተብለው ይጠቀሳሉ፣ ብዙ ጊዜም የትኛው ዓይነት አቅም እንደሆነ ሳይነገር። ነፋስ የሚነፍስበትን መሬት ሁሉ ቆጥሮ የሚወጣ ቁጥር አለ። ከዚያ ላይ ገደሉን፣ ከተማውን፣ ሐይቁንና ፓርኩን ቀንሶ የሚወጣም አለ። መንገድና የማስተላለፊያ መስመር የሚደርስበትን፣ የሚመረተው ኤሌክትሪክ ወጪውን የሚመልስበትን መሬት ብቻ የሚቆጥርም አለ። ሦስቱ ሦስት ጥያቄዎችን የሚመልሱ በመሆናቸው ሲደባለቁ ክልሎች በሌለ ተስፋ ዕቅድ ያወጣሉ፤ አለያም ያላቸውን ሀብት ሳያውቁት ይቀራሉ።

ስለዚህ “አካባቢያችን ለነፋስ ኃይል ይሆናል ወይ?” ብሎ የሚነሳ የኢነርጂ ቢሮ ባለሙያ፣ ተመራማሪ ወይም ባለሀብት መሣሪያ ከመምረጡ በፊት በውጤቱ ምን ሊወስን እንዳሰበ ማወቅ አለበት። እኔ የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር፦ ነፃ ካርታዎች የት መለካት እንዳለብን ያሳዩናል፤ ብድርና የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣበትን ውሳኔ ግን ሊሸከም የሚችለው ቦታው ላይ በበቂ ከፍታ፣ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዓመት የተወሰደ ልኬት ብቻ ነው።

ትንሽ ስህተት ለምን ትልቅ ይሆናል

ነፋስ የሚሸከመው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ኩብ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱን በ10 በመቶ አብልጠን ከገመትን ጉልበቱን በ33 በመቶ አብልጠን ገመትን ማለት ነው። በሙቀት ወይም በዝናብ መረጃ ላይ የምንታገሰው ዓይነት ስህተት እዚህ ፕሮጀክት ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ አማካይ የሚባለው ቁጥር ነው። አንዱ ቦታ ዓመቱን ሙሉ በሰከንድ 6 ሜትር ሳያቋርጥ ይነፍስበታል እንበል። ሌላው ግማሹን ጊዜ 2፣ ግማሹን ጊዜ 10 ሜትር ይነፍስበታል። የሁለቱም አማካይ 6 ነው። ጉልበታቸውን በፍጥነቱ ኩብ ብናሰላ ግን የመጀመሪያው 216 ሲሆን ሁለተኛው 504 ይወጣል። ተርባይን ሁሉንም አይሰበስብም፤ በፊዚክስ ሕግ ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ አይቻልም፣ በደካማ ነፋስ አይነሳም፣ በማዕበል ጊዜም ራሱን ያቆማል። ቢሆንም ነጥቡ አይለወጥም። አንድ ሪፖርት አማካይ ፍጥነትን ብቻ ነግሮን የፍጥነቱን ሥርጭት ካልነገረን፣ በእሱ ሁለት ቦታዎችን ማወዳደር አንችልም።

ሦስተኛው በተለይ የእኛን ደጋ ይመለከታል። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 1 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል። ስለዚህ የደጋው ነፋስ በዚያው ፍጥነት ወደ 18 በመቶ ያነሰ ጉልበት አለው። ጅቡቲ ጠረፍ ላይ የሚነፍስ 7 ሜትር በሰከንድና መቀሌ አጠገብ የሚነፍስ 7 ሜትር በሰከንድ እኩል አይደሉም። በውጭ ሀገር መመሪያዎች “ከዚህ ፍጥነት በላይ አዋጭ ነው” የሚለውን መስፈርት ሳያስተካክል ለደጋ የሚጠቀም ሰው ስሌቱን ከመጀመሪያው አዛብቶታል።

ነፃ ካርታዎችና የረጅም ዘመን መረጃዎች

ግሎባል ዊንድ አትላስ የተባለው ካርታ በዴንማርክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና በዓለም ባንክ ትብብር የተሠራ ነው። ማንም በስልኩ ከፍቶ የትኛውንም ወረዳ ማየት ይችላል። መሬቱን በ250 ሜትር ካሬዎች ከፋፍሎ ከ10 እስከ 200 ሜትር ባሉ ከፍታዎች ፍጥነቱን ይሰጣል፤ ከፍጥነቱ ጎን የኃይል ጥግግቱን (በአንድ ሜትር ካሬ የሚያልፈውን የነፋስ ኃይል) እና የአየሩን ክብደትም ያሳያል። ደጋና ቆላ ሲወዳደሩ መታየት ያለበት ይኸው የኃይል ጥግግት ነው።

ኢራ5 ደግሞ የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ያለፈውን የአየር ሁኔታ በኮምፒውተር ሞዴል መልሶ በማስላት ያዘጋጀው መረጃ ነው። ከ1940 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰዓት ነፋስ በ10 እና በ100 ሜትር ከፍታ ይሰጣል። ጉድለቱ የአንዱ ካሬ ጎን ወደ 30 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የስምጥ ሸለቆን ጠርዝ የሚያውቅ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ተራራው፣ ገደሉና ሸለቆው ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጨፈለቃሉ። ነፋሱ የሚፈጥንበት ሸንተረር በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አያስፈልግም፣ ሥራቸው የተለያየ ነውና። አትላሱን “የት?” ብለን እንጠይቀዋለን፤ ኢራ5ን “መቼ?” ብለን። ነፋሱ በየትኛው ወር ይበረታል፣ ሌሊት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ፣ ያለፉት 20 ዓመታት እርስ በርሳቸው ምን ያህል ተለያይተዋል ለሚሉት ጥያቄዎች ከኢራ5 የተሻለ ነፃ ምንጭ አላውቅም። አትላሱ ደግሞ 20 ወረዳዎችን ወደ 3 ለማጥበብ ይበቃል። ከዚያ አልፎ ግን አፍሪካ ውስጥ ካርታውን በምድር ልኬት ለማረጋገጥ የዋሉት ምሰሶዎች ጥቂት መሆናቸውን ማስታወስ ያሻል። ገደላማ መሬት ላይ ነፋሱ ከመሬቱ ተላቆ ስለሚዞር ካርታው የተሰላበት የኮምፒውተር ሞዴል የሚሳሳተው እኛ ከፍተኛ ነፋስ በምናገኝባቸው ቦታዎች ላይ ነው። የተርባይን ብዛትና የገቢ ስሌት ከካርታ ብቻ ተነስቶ የተሠራበት ሰነድ ካያችሁ፣ የምድር ልኬቱ የት እንዳለ ጠይቁ።

የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ መረጃ

ብዙ የመመረቂያ ጥናቶች የሚነሱት ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከሚገኝ የነፋስ መረጃ ነው። መረጃው የረጅም ዓመታት መሆኑ ትልቅ ዋጋ አለው። ጣቢያዎቹ ግን የቆሙት ለግብርና፣ ለዝናብና ለአቪዬሽን ሥራ ነው። ነፋሱ የሚለካው በ2 ወይም በ10 ሜትር ከፍታ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ጣቢያዎች ያሉት ከተማ ውስጥ ወይም ከተማ ዳር ነው። ጣቢያው ሲተከል ሜዳ የነበረው ቦታ ዛሬ ባሕር ዛፍና ፎቅ ከቦት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን መረጃው ከዓመት ዓመት የነፋስ መቀነስ ያሳያል፤ የቀነሰው ግን ነፋሱ ሳይሆን የመለኪያው ነፃነት ነው።

ዋናው ችግር ከ10 ሜትር ወደ ተርባይን ከፍታ የሚደረገው ዝላይ ነው። ነፋስ ከመሬት በራቀ ቁጥር ይፈጥናል፤ በምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነው የመሬቱ ሻካራነትና የአየሩ ሁኔታ ነው። በተለመደው ቀመር ለክፍት ሜዳ 0.14፣ ዛፍና ቤት ለበዛበት 0.25 አካባቢ የሆነ አርቢ ቁጥር (ከፍታው ሲጨምር ፍጥነቱ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳይ) ይወሰዳል። በ10 ሜትር 4 ሜትር በሰከንድ ተለክቶ ወደ 80 ሜትር ብናሳድገው፣ በመጀመሪያው 5.4፣ በሁለተኛው 6.7 ይወጣል። የጉልበቱ ልዩነት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። አንድ ተማሪ ከመጽሐፍ የመረጠው አንድ ቁጥር ወረዳውን “ደካማ” ወይም “እጅግ አዋጭ” ያሰኘዋል ማለት ነው። የጣቢያ መረጃ ወቅቱን ለማየትና የረጅም ጊዜውን ዝንባሌ ለማመሳከር ይጠቅማል። የማመንጫ አቅም ለመገመት ብቻውን አይበቃም፤ ጥናቱን የሚያማክሩ መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው አስቀድመው ቢነግሩ ብዙ ድካም ይተርፋል።

ምሰሶ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የሥራው ልብ ይህ ነው።

የመለኪያ ምሰሶ በገመድ ተወጥሮ የሚቆም ረጅም ብረት ሲሆን በየከፍታው የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ መለኪያዎች ይሰቀሉበታል፤ ሙቀትና የአየር ግፊትም አብረው ይለካሉ። ቁመቱ ሊተከል የታሰበው ተርባይን እምብርት (ክንፎቹ የሚገጠሙበት መሃል) ከሚያርፍበት ከፍታ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ መሆን አለበት የሚለው ልማድ ተገቢ ነው፤ ለ90 ሜትር ተርባይን 60 ሜትር ምሰሶ። በሁለትና በሦስት ከፍታዎች ስለሚለካ ቅድም ያየነውን ዝላይ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ከቦታው እናገኘዋለን።

ርካሽ ምሰሶና አስተማማኝ ምሰሶ የሚለያዩት በዝርዝሩ ነው። መለኪያዎቹ በነፋስ ዋሻ ተፈትሸው የምስክር ወረቀት ያላቸው መሆን አለባቸው። ጫፉ አካባቢ አንድ ሳይሆን ሁለት የፍጥነት መለኪያ ይሰቀላል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይቀጥላል፣ አንዱ በምሰሶው ጥላ ውስጥ ሲሆንም ሌላው ንጹሕ ነፋስ ያገኛል። ክንዶቹ ረዘም ብለው ዋናውን የነፋስ አቅጣጫ ባገናዘበ ጎን መዘርጋት ይኖርባቸዋል። መረጃው በየ10 ደቂቃው አማካይ ይመዘገባል፤ ነፋሱ የሚዋዥቅበት መጠንም አብሮ ይያዛል፣ ምክንያቱም የተርባይኑን ዓይነት የሚወስነው አማካይ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) ደረጃ ተርባይኖች በአማካይ 7.5፣ 8.5 እና 10 ሜትር በሰከንድ ለሚነፍስባቸው ቦታዎች ተለይተው ይሠራሉ፤ የሚችሉት ማዕበልም ይለያያል። ለዝግተኛ ነፋስ የተሠራ ረጅም ክንፍ ማዕበል የበዛበት ሸንተረር ላይ ከቆመ ዕድሜው ያጥራል።

ለምን አንድ ሙሉ ዓመት? የእኛ ነፋስ በጋና ክረምት ስላለው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ብቻ የተለካ የደጋ ነፋስ ቦታውን ካለው በላይ ያሳምረዋል፤ በነሐሴ ብቻ የተለካ ደግሞ ያዋርደዋል። አንዱ ዓመት ራሱ ከሌላው ዓመት ስለሚለይም የምሰሶው መረጃ ከኢራ5 ረጅም መዝገብ ጋር ተገናዝቦ ይስተካከላል። ነፃው መረጃና ውዱ ምሰሶ የሚጋቡት እዚህ ጋር ነው።

ምሰሶውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ቴክኒክ አይደለም። የወጠረው ገመድ የሚያርፍበት ማሳ ባለቤት አለው፤ ከብት ይታከክበታል፤ የፀሐይ ሰሌዳውና ሽቦው ይሰረቃል፤ መብረቅ ይመታዋል። ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ሳይነጋገሩ፣ ከዚያው መንደር ጥበቃ ሳይቀጥሩ ምሰሶ ማቆም የአንድ ዓመት መረጃን ለአደጋ መስጠት ነው። በኤርፖርት አካባቢም ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ይጠየቃል። እነዚህ ወጪዎች በበጀቱ ውስጥ በግልጽ መግባት አለባቸው።

የአሸጎዳና የአዳማ የነፋስ ማመንጫዎች በዚህ መንገድ አልፈዋል። የማመንጫ ውል ከመፈረሙ ዓመታት በፊት በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ምሰሶዎች ቆመው ነፋሱ ተለክቷል፤ የአዋጭነት ጥናቱም የተሠራው ከዚያ ነው። አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ሆኖ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቀ። የአዳማ ሁለቱ ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት ናቸው።

ምሰሶው ውድ ነው የሚል ሰው ባንኩ የሚያየውን ይመልከት። ጥናት ሲጠናቀቅ ፒ50 እና ፒ90 የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። ፒ50 ምርቱ ከዚያ የመብለጥም የማነስም ዕድሉ እኩል የሆነበት መጠን ሲሆን፣ ፒ90 ምርቱ በ90 በመቶ ዕድል የሚያልፈው መጠን ነው፤ አበዳሪ የሚያምነው ሁለተኛውን ነው። ፒ50 በዓመት 300 ጊጋ ዋት ሰዓት የሆነ ማመንጫ እንውሰድ። በደካማ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እርግጠኛ አለመሆኑ 18 በመቶ ቢሆን ፒ90 ወደ 231 ይወርዳል። በጥሩ ልኬት ወደ 8 በመቶ ዝቅ ቢል 269 ይሆናል። ነፋሱ ያው ነው፣ ተርባይኑም ያው ነው። በየዓመቱ 38 ጊጋ ዋት ሰዓት በባንኩ ዓይን የተገኘው ስለተለካ ብቻ ነው።

ሊዳርና ሶዳር

ሊዳር መሬት ላይ ተቀምጦ ሌዘር ወደ ላይ በመልቀቅ ከ40 እስከ 200 ሜትር ያለውን ነፋስ ይለካል፤ ሶዳር ይህንኑ በድምፅ ያደርጋል። ሁለቱም ምሰሶ አያስፈልጋቸውም፣ በመኪና ከቦታ ቦታ ይሄዳሉ። ለሜዳ መሬት ሊዳር በጣም ጥሩ ነው። ለሸንተረር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ሌዘሩ በሚዞርበት ክብ ውስጥ ነፋሱ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ስለሚያሰላ፣ ሽቅብ ቁልቁል በሚሄድ ነፋስ ላይ በጥቂት በመቶ ይሳሳታል፤ በኩብ ሲባዛ ጥቂት አይደለም። ጭጋግ መረጃውን ይቆርጠዋል፣ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክም ይፈልጋል። ሶዳርን ዝናብና የአካባቢ ጫጫታ ያውኩታል። ተራራማ ለሆነ ቦታ የምመርጠው አንድ ምሰሶ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ፣ ሊዳሩ በየጥቂት ወሩ በሸንተረሩ ላይ እየተዘዋወረ ከምሰሶው ጋር የሚነጻጸርበትን መንገድ ነው። በእንዲህ ያለ መሬት አንድ ምሰሶ ሊወክል የሚችለው ከአንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ ለማን የቱ?

የክልል ወይም የዞን ኢነርጂ ቢሮ በጀት ሳይኖረው ሀብቱን ለማስተዋወቅ ከፈለገ አትላሱንና ኢራ5ን አጣምሮ፣ የመንገድና የመስመር ካርታ ደርቦበት የቦታ ዝርዝር ያውጣ፤ በሰነዱ ላይም “ቅድመ ግምት” ብሎ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ አንድ ጥሩ ምሰሶ አቁሞ መረጃውን ክፍት ማድረግ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል፤ የዛምቢያና የፓኪስታን የምሰሶ መረጃዎች በዓለም ባንክ በኩል ለሁሉም ተከፍተዋል። ማመንጫ ሊገነባ ያሰበ አልሚ ምርጫ የለውም፣ ምሰሶ ያቆማል።

ለአንድ እርሻ ወይም ለውኃ ፓምፕ ትንሽ ተርባይን የሚያስብ ሰው ነገሩ ይለያል። ለእሱ የትልቅ ምሰሶ ዋጋ ከተርባይኑ ይበልጣል። በ10 ወይም በ15 ሜትር ቀላል መለኪያ ለጥቂት ወራት አቁሞ ይመልከት፤ ከዚያ በፊት ግን የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ ይጠይቅ። ነፋስ በጣም ከማይደክምባቸው ጥቂት ቦታዎች በስተቀር ለአነስተኛ ፍጆታ ፀሐይ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ቦታዎች እኩል ሲወጡ

ልኬቱ አልቆ ሁለት ቦታዎች ተቀራራቢ ምርት ቢያሳዩ የመጀመሪያው ማነጻጸሪያ ወቅት መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ይመነጫል። ግድቦች በክረምት ይሞላሉ፣ በበጋ ይጎድላሉ። የደጋውና የስምጥ ሸለቆው ነፋስ በበጋ በርትቶ በክረምት ስለሚደክም ውኃው ሲጎድል ይደርሳል፤ በየካቲት የሚመረት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በነሐሴ ከሚመረተው ይበልጥ ያስፈልገናል። ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ቆላ ላይ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም የሶማሊያ ጄት የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ይመጣል፤ ደጋው ሲያርፍ እሱ ይነሳል። ለሀገሪቱ መረብ ሁለቱንም ዓይነት መያዝ አንዱን ብቻ ከማብዛት የተሻለ ነው።

ቀጥሎ መሬቱ። 120 ሜጋ ዋት የታቀደበት የአይሻ ቁጥር 2 የነፋስ ማመንጫ ቦታ ቆላ በመሆኑ አየሩ ከደጋው ይከብዳል፤ ለጅቡቲ ወደብም ቅርብ ነው። በአንጻሩ ሙቀቱና አሸዋው ክንፉንና ማሽኑን ይጎዳሉ። አዳማና አሸጎዳ ላይ አየሩ ይቀላል፤ መሬቱ ግን የሚታረስ ነው። ገበሬው በተርባይኖቹ መካከል ማረሱን መቀጠል ይችላል፤ የሚወሰደው ለመሠረቱና ለመንገዱ የሚሆነው ብቻ ነው። ለእሱ የሚከፈለው ካሣና የሚሰጠው ምትክ በጥናቱ ጊዜ ተቆጥሮ፣ በአማርኛም ሆነ በአካባቢው ቋንቋ ተነግሮት ማለቅ አለበት። ስምጥ ሸለቆ የትልልቅ ተሰዳጅ ወፎች ዋና መንገድም ነው፤ የአንድ ዓመቱ ልኬት ሲካሄድ የወፍ ቆጠራውም አብሮ መካሄድ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው መስመሩ ነው። ኬንያ ውስጥ የቱርካና ሐይቅ ማመንጫ ከአፍሪካ ምርጥ ነፋሶች አንዱ ላይ ተተከለ። በኢትዮጵያና በኬንያ ከፍተኛ ቦታዎች መካከል ተጨንቆ የሚያልፈው ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ይበረታል። 365 ተርባይኖች፣ 310 ሜጋ ዋት። ተርባይኖቹ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ቆመው አለቁ፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የማስተላለፊያ መስመር ግን ስላልደረሰ እስከ 2018 ያለ ሥራ ቆሙ፣ የኬንያ መንግሥትም ለመዘግየቱ ካሣ እንዲከፍል ተገደደ። የነፋስ ልኬቱ ስህተት አልነበረበትም። ስለዚህ ምሰሶው ከመቆሙ በፊት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልን ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ቅርቡ ማከፋፈያ ጣቢያ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ዛሬ ስንት ሜጋ ዋት ተጨማሪ ይቀበላል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አዲሱን መስመር ማን በማን ገንዘብ መቼ ይዘረጋል። ሦስተኛው መልስ ከሌለው ምሰሶውን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወዳለው ቦታ ውሰዱት።